የቁጥር ሰባት ሱቅ እሽግ

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

የጤና ሰዎቹ «በየቀኑ ያገኛችሁትን ሰው ጻፉ፤ አንዱ ቢታመም ማን ከማን ጋር እንደተነካካ ይታወቃል» ስላሉን ይኸው ከመሥሪያ ቤት አንድ ደብተር ይዤ መጥቼ ጀመርኩ። ዛሬ ያገኘኋቸው፦ ባሌ፣ ታናሽ እህቴ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ፣ ከዚያ በንግድ ፈቃድ መስኮቴ በኩል ሠላሳ ይሁኑ አርባ። የሁሉንም ስም ከየት ላምጣው? ምስማርና ቀለም የሚሸጠውን ሰውዬ ግን አልረሳውም። መስኮቱ ላይ ወጥረን የለጠፍነው ላስቲክ በትንፋሹ ጉም ለብሶ ፊቱ አይታየኝም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣው።

«እትዬ፣ ሱቅ ሊዘጋ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ ወንድሜ፤ እኔ መዝጋቢ ነኝ።»

«ታዲያ የሚያውቀው ማነው?»

ወደ ላይኛው ፎቅ በጣቴ ጠቆምኩት። እሱም ቀና ብሎ ጣራውን አየ።

ባሌ ይህን ስጽፍ አይቶ «ስም ዝርዝር ጻፊ ተባልሽ እንጂ ታሪክ ጻፊ መች ተባልሽ?» ይላል። ጡረታ ወጥቶ አውቶቡሱን ካስረከበ ወዲህ የሚነዳው ቢያጣ እኔን ነው የሚነዳው።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ሳል ስለያዛት ከቤት አትውጪ ተባለች። እኔ ተተካሁ። «ጽሕፈትሽ ያምራል» አሉኝ፤ እውነቱን ለመናገር ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነው።

አዳራሹ ውስጥ የትኛው ሱቅ ይዘጋ የሚለውን የሚወስኑት ሰባት የኮሚቴ አባላት ተራርቀው ተቀመጡ። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ነፋሱ ወረቀቱን ይበትነዋል፤ አንዱ በተናገረ ቁጥር ሌላው «ምን አልክ?» ይላል። ሰብሳቢያችን የከተማው ምክር ቤት ምክትል ሰብሳቢ ነው። በየኮሪደሩ «በመርህ ደረጃ» ነው የምንለው፤ ውሃ ጠማኝ ለማለት እንኳ በመርህ ደረጃ ብሎ ነው የሚጀምረው። ክፉ ሰው ግን አይደለም። ሲደክመው ሽማግሌ ይመስላል።

ስለ ጫማ ጠጋኝ ብቻ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። «የታመመ ሰው በባዶ እግሩ ሐኪም ቤት ይሂድ?» ይላል አንዱ። «ሁሉም ቤቱ ይቀመጥ ካልን ጫማ ለምኑ ነው?» ይላል ሌላው። በመጨረሻ ጫማ ጠጋኝ ይከፈት፣ ጫማ ሻጭ ይዘጋ ተባለ። ፎቶ ቤት ይዘጋ ብለው ከጨረሱ በኋላ ደግሞ የመንቀሳቀሻ ወረቀት ፎቶ እንደሚፈልግ ትዝ አላቸውና ግማሽ ቀን ይከፈት ተባለ። እኔ ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣ ስጽፍ ዋልኩ።

ነገሩ በቀላሉ እንዲያልቅ ሁሉም በመዝገቡ ዘርፍ ቁጥር ይሂድ አሉ። ፀጉርና ውበት ሥራ፣ ዘርፍ አሥራ አራት፣ ይዘጋ። ልብስ ስፌት፣ ዘርፍ ሃያ ሁለት፣ ይከፈት፤ ማስክ የሚሰፋ ሰው ያስፈልጋልና። ስፌት ይከፈት ሲሉ ልብስ ሰፊ ለሆነችው ታናሼ ደስ ብሎኝ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ የታናሼ ፈቃድ ትዝ አለኝ። ነገ ጠዋት መዝገቡን ማየት አለብኝ።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

መዝገቡን አየሁ። አሥራ አራት ይላል። በገዛ እጅ ጽሕፈቴ።

ከቀትር በኋላ እሽጌ ዝርዝሩን ይዞ ወጣ። እሽጌ የምንለው ደንብ አስከባሪውን ነው፤ የማሸጊያ ሰምና ሲባጎ ይዞ የሚዞር እሱ ነው። የታናሼን ሱቅ፣ ቁጥር ሰባትን፣ አሸገው። እሷ ምሳ ልትቀምስ ወጥታ ነበር። የስፌት መኪናዋ ውስጥ ቀረ።

ስልኬ ስምንት ጊዜ ጠራ። ስብሰባ ላይ ነኝ አልኳት። አልነበርኩም።

መጋቢት 20፣ እሁድ

ታናሼን በአሥራ አንድ ዓመት እበልጣታለሁ። አዝያታለሁ፣ ንፍጧን ጠርጌላታለሁ፣ ትምህርት ቤት ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ። እስካሁን ወረቀት የሚባል ነገር ሲገጥማት ሳታነበው ነው የምትሰጠኝ። ቁጥር ሰባትን ከምክር ቤቱ የተከራየችው ፀጉር ቤት ልትከፍት ነበር። ከዚያ ቀለሙ እጇን እየላጠ፣ የማድረቂያው ሙቀት ራሷን እያመማት ተወችውና ስፌት ገባች። ይኸው ሰባት ዓመቷ። በዚህ ከተማ ሱሪው የረዘመበት ሁሉ፣ ዩኒፎርም የጠበበው ተማሪ ሁሉ ቁጥር ሰባትን ያውቃል።

ዛሬ ከሰዓት መጣች። ባሌ ሁለት ሜትር በገመድ ለክቶ በረንዳው ላይ ወንበር አስቀመጠላት።

«ጋሼ፣ መለካቱን ለሰፊ ተወው» ብላ ወንበሩን አንድ ስንዝር ገፋችው። ሳቅን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ያ እሽጌ ግን ዓይኑ ደክሟል መሰለኝ። ሬዲዮው ስፌት ክፍት ነው እያለ እኔን ያሽጋል? ከጎኔ ያለችውን ፀጉር ቤት ሊያሽግ መጥቶ በሩ ተምታቶበት ነው። እትዬ፣ ነገ ትነግሪልኛለሽ አይደል?»

«እነግርልሻለሁ።»

«አንቺ እያለሽልኝ እኔ ምን አስጨነቀኝ!»

እሷ ከሄደች በኋላ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ እርጥቡን ጨርቅ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ ስትቀይር የዘርፍ ለውጥ ማመልከቻ ሞልታ ሰጠችኝ። ልትሰለፍ ነበር የመጣችው። «ሰልፍ ምን ያደርግልሻል፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ?» ብዬ በጓሮ በር አስገባኋት። እኛ ዘንድ ዘመድ አይሰለፍም። ዘመድ ሲሰለፍ ያየ ሰው ተጣልተዋል ይላል። ያን ጊዜ የነበረው የፈቃድ ኃላፊ ደግሞ ዘርፍ የቀየረ ሰው ሱቁ እንደገና ዕጣ ይውጣበት የሚል ነበር። እሱ እስኪቀየር ልቆይ ብዬ ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ አኖርኩት። እሱ ተቀየረ። እሷ «አለቀ እትዬ?» ስትለኝ «አልቋል» አልኳት፤ ሊያልቅ ነው ለማለት ያህል ነበር። ከዚያ በየዓመቱ ፈቃዷን የማድስላት እኔ። ግድግዳዋ ላይ የሰቀለችው ወረቀት የዘርፍ ቁጥር እንጂ የሥራ ስም የለውም። አሥራ አራት ምን እንደሆነ እሷ በምን ታውቃለች?

መቼም ሰው ይረሳል። ሰባት ዓመት ሙሉ የጠየቀ የለም፤ በሽታው ባይመጣ ማንም አይጠይቅም ነበር። ጥፋቱ የበሽታው ነው።

መጋቢት 23፣ ረቡዕ

መሳቢያውን ከፈትኩ። ወረቀቱ አለ። መልሼ ዘጋሁት።

ዛሬ አይሆንም። ከሂሳብ ክፍል ሁለት ሰው ታመመ ተብሎ ቤቱ ተረብሿል። ሰብሳቢውም ከከንቲባው ቢሮ ፊቱ ቀልቶ ነው የወጣው። ሰው ሲናደድ ጉዳይ አይቀርብም።

መጋቢት 27፣ እሁድ

ምስማር ሻጩን መንገድ ላይ አገኘሁት። ሱቁ ክፍት ነው! በራፉ ላይ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት አቁሟል። «እትዬ፣ እኔ አሁን ምግብ ነጋዴ ነኝ» አለኝ በኩራት። «ሽንኩርቱን ይሸጡታል?» ብለው «ኧረ አልሸጠውም! እሱን ከሸጥኩት ምስማሩን በምን እሸጣለሁ?» ብሎ አሳቀኝ። እሽጌም አይቶ አለፈ አሉ። ዓይን ያወጣ ይኖራል፤ እውነተኛው ይታሸጋል። ይህን ያልኩት ለራሴ ነው፤ ካልኩት በኋላ ደግሞ አፈርኩ።

ታናሼ ማስክ በእጇ እየሰፋች ነው። በመርፌ! መኪናው የተቆለፈበት ሰው ምን ያድርግ። ለእኔና ለጋሼዋ ሁለት ሁለት ላከችልን። ከውስጥ ያለው ስፌት እንደ ጉንዳን መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዓይኗ ይጠፋል ብዬ ሰጋሁ። መኪናዋን ብቻ እንኳ ታውጣ ብዬ እሽጌን ለምኜው ነበር። «እሽጉን መፍታት የሚችለው ኮሚቴው ነው» አለኝ። ኮሚቴው ደግሞ የሚያየው መዝገቡን ነው። መዝገቡ ያለው እኔ ጋ ነው።

ሚያዝያ 1፣ ሐሙስ

«እትዬ፣ ምን አሉሽ?»

«ከላይ ይዘውታል።»

ከላይ አልኩ። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ጣራውን አሳየሁ።

ሚያዝያ 5፣ ሰኞ

ዛሬ ወረቀቱን ይዤ ደረጃውን እስከ ግማሽ ወጣሁ። ሰብሳቢው ከላይ ሲወርድ ተገናኘን። «ምነው?» አለኝ። «ሳኒታይዘር አልቋል» አልኩት። «በመርህ ደረጃ ታዟል» አለኝ። ተመለስኩ።

የእግሬ ነገር። መውረድ ላይ አይለግምም።

ሚያዝያ 8፣ ሐሙስ

ቅሬታ ያለው ነጋዴ ማክሰኞ በአዳራሽ ቀርቦ ይናገር የሚል ማስታወቂያ ወጣ። በር ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ታናሼ አይታው ደወለች።

«ራሴው እቀርባለሁ እትዬ። አንቺን ስንቴ ላስቸግርሽ።»

«ይቅርብሽ፤ የሰው ብዛት አለ፣ በሽታ ነው።»

«ማስኬን አደርጋለሁ። ደግሞ አንቺ ትኖሪ የለ?»

እኔማ እኖራለሁ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ማን ሆነና።

ሚያዝያ 13፣ ማክሰኞ

ከስብሰባው በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው ይህን የምጽፈው። አልቻልኩም። ነገ እጽፋለሁ።

ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሳሁ። ባሌ ሳይነሳ ልጻፈው።

አዳራሹ ውስጥ በተራ ይጠራሉ። መጀመሪያ ፎቶ አንሺው፤ ግማሽ ቀን ስለምትከፍቱልኝ ፊቱ ግማሽ የወጣ ሰው ነው የማነሳው ብሎ አሳቃቸው። ቀጥላ ታናሼ ገባች። አዲስ ሥራ ልትቀጠር እንደምትሄድ ሰው ለብሳ፣ ጫማዋን አሳምራ። የእሷ ማስክና የእኔ ከአንድ ጨርቅ የተቀደዱ ናቸው፤ ሰማያዊ ባለ ነጭ ነጠብጣብ። ሁሉም ያየው መሰለኝ።

ሰብሳቢው መዝገቡን ገለጠ። «በመርህ ደረጃ፣ እህታችን፣ እዚህ ላይ ፀጉር ሥራ ነው የሚለው።»

«ጌታዬ፣ መዝገቡ ተሳስቷል። እኔ ከሰባት ዓመት በፊት ቀይሬያለሁ።»

«ማስረጃ ይዘሻል?»

ሳቅ አለች። ያቺን የልጅነት ሳቋን። «ማስረጃዬማ ያቻትና! እህቴ ናት። በእሷ እጅ ነው የሰጠሁት። እትዬ፣ ንገሪያቸው።»

ሰባቱም ዞረው አዩኝ። እኔ አጎንብሼ እጽፋለሁ። ምን እየጻፍኩ እንደነበር አላውቅም። ጡረታዬ አራት ዓመት ነው የቀረው። ሰባት እድሳት፣ ሰባት ፊርማ፣ ሰባቱም የእኔ። አንዷን ካነሳሁ ሁሉም ይነሳል ብዬ አሰብኩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት እሷ «ንገሪያቸው» ብላ አፏን ሳትገጥም ነው። ሰው ለክፋት እንዴት ይፈጥናል!

«መዝጋቢያችን፣ የምታውቂው ነገር አለ?» አለኝ ሰብሳቢው፤ በደግ ድምፅ ነው።

«መዝገቡ የሚለው... አሥራ አራት ነው» አልኩ።

ውሸት አይደለም። መዝገቡ የሚለው እሱን ነው።

ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አመልካቿ የጽሑፍ ማስረጃ ማቅረብ አልቻለችም።» ጽሕፈቴ ያምራል ብለውኝ የለ።

ሰብሳቢው አዘነላት። «እንግዲያው ባለሙያ ሄዶ ቤቱን ይይ» አለ። ታናሼ «እግዜር ይስጥልኝ! ይምጡ፣ መኪናዬን ይዩት፣ ያኔ ያምኑኛል» ብላ እጅ ነስታ ወጣች። በመውጫዬ በር ላይ ጠብቃኛለች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ነበር። እሷ እቴ!

«አፈርሽ አይደል? ድሮም ሰው ፊት መናገር አትወጂም። አይዞሽ፣ ባለሙያው ይላክ ብለዋል፣ አልቋል በቃ።»

እኔን አጽናንታኝ ሄደች።

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

የባለሙያው ሪፖርት መጣ። ደብዳቤውን ታይፕ ያደረግሁት እኔ ነኝ። «በቁጥር ሰባት ሱቅ ውስጥ የፀጉር ሥራ ዕቃ ያልተገኘ ሲሆን፣ ቤቱ ከተመዘገበበት ዘርፍ ውጭ ለልብስ ስፌት ሲያገለግል ተገኝቷል። በኪራይ ውሉ መሠረት በሃያ ቀን ውስጥ ለምክር ቤቱ ይመለስ።»

ሁለቴ አነበብኩት። በመዝገብ ፀጉር ሠሪ ናት ተብላ ተዘጋች፤ በዓይን ሲያዩዋት ሰፊ ናት ተብላ ልትወጣ ነው። ይህን ማን ሰው አሰበው? ማንም። እዚህ ቤት ውስጥ ማንም ክፉ ነገር አላሰበም። ሁሉም የየራሱን ወረቀት ነው የሠራው።

ሱቁን የውሃ በርሜልና የሳሙና ማከማቻ ሊያደርጉት ነው።

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

ለባሌ ነገርኩት። ጥርሱን ሲፍቅ ነበር፤ አቆመ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም።

«ሠላሳ ዓመት መንገድ ላይ ኖሬያለሁ» አለ። «ሰው ገጭቶ የሚቆም አለ። ገጭቶ የሚያመልጥ አለ። አንቺን የመሰለ ግን አላየሁም፤ ገጭተሽ፣ አውቶቡሱን አቁመሽ፣ ትኬት ትቆርጫለሽ።»

ከዚያ ወጥቶ የግቢውን በር ማጠፊያ ዘይት ይቀባ ጀመር። በሩ አልጮኸም ነበር።

ሚያዝያ 26፣ ሰኞ

ወጣሁ። ዛሬ ደረጃውን ጨረስኩት።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለትና ሁሉንም ነገርኩት፤ ከጓሮው በር እስከ ቃለ ጉባኤው። ሰብሳቢው መነጽሩን አድርጎ አየው፣ ገልብጦ ከጀርባው አየው።

«ገቢ ማህተም የለውም።»

«አልመታሁበትም።»

«ገቢ ማህተሙ ማን ጋ ነው ያለው?»

«እኔ ጋ።»

«ታዲያ ይህ ወረቀት ትናንት ማታ አልተጻፈም ብዬ ለማን ላስረዳ?»

«ወረቀቱን ይዩት እንጂ፣ ቢጫ ሆኗል! እሷን ይጠይቋት፣ ሰፈሩን ይጠይቁ፣ ሱሪያቸውን ማን እንዳሳጠረው ይጠይቁ!» ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ፤ ፀሐፊዋ በሩን ከፍታ አየችን።

ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። በመርህ ደረጃ አላለም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

«ስሚኝ እናቴ። እኔ አምንሻለሁ። ግን ሃምሳ ስድስት ሱቅ ዘግቻለሁ። ሁሉም በራፌ ላይ ናቸው። ነገ የመዝጋቢዋን እህት ብከፍትላት፣ እከክልኝ ልከክልህ ነው ብለው ያንን ሁሉ መዝገብ ያፈርሱብኛል። ከሁለት ወር በፊት ብታመጪው ኖሮ...»

ሁለት ወር። ቆጠርኩ፤ አንድ ወር ከስምንት ቀን ነው። ግን ምን ለወጠው።

«እኔን ያባሩኝ» አልኩት።

«አንቺን ማባረር እሷን አይከፍትላትም። ደግሞስ መስኮቱ ላይ ማን ይቀመጣል? ሦስቱ ታመውብኝ!» ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «ሂጂ ሥራሽ ላይ ተቀመጪ። ይህን እኔ አላየሁትም።»

ውለታ የዋለልኝ መስሎታል። ቅጣት ፍለጋ ሄጄ ምሕረት ተሸክሜ ወረድኩ። ከዚህ ቅጣት ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 1፣ ቅዳሜ

ለእሷ መንገር ቀረኝ። ደብዳቤው ከደረሳት አሥር ቀን ሆኖታል፤ እስካሁን ባለሙያው ተሳስቶ ነው ትላለች። ጠዋት ቤቷ ሄድኩ። ግቢዋ ውስጥ የተሰፉ ማስኮች ገመድ ላይ አስጥታለች። ሳልቀመጥ፣ በር ላይ ቆሜ ነገርኳት። አጭር አደረግሁት። ብዙ ካወራሁ እንደማለቅስ አውቃለሁ፤ ካለቀስኩ ደግሞ እሷ ታባብለኛለች።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

«የምኑን?»

«መዝገቡ ላይ ያለውን።»

«የታሸገ ቀን። ጠዋት።»

«ከመታሸጉ በፊት?»

«ከመታሸጉ በፊት።»

አንገቷን ነቀነቀች። «አዳራሹ ውስጥ ንገሪያቸው ስልሽ ወረቀቱ የት ነበር?»

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

«እና አፈርሽ አልኩሽ።»

«አዎ።»

«አጽናናሁሽ።»

«አዎ፣ ታናሼ።»

ማስኮቹን ከገመዱ ላይ ታወርድ ጀመር። እርጥብ ነበሩ፤ ገና ማስጣቷ ነው። አንድ በአንድ አውርዳ፣ አቅፋቸው ገባች። በሩን አልወረወረችውም። ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። እኔም እዚያ ቆሜ በሩን አየሁት። የጎረቤቷ ሴት በአጥር በኩል «ምነው፣ ደህና አይደለችም? ሳል አላት እንዴ?» አለችኝ። «የለባትም» አልኳት።

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ

ደወልኩ። አታነሳም።

ባሌ ሲደውልላት ታነሳለች። «ጋሼ፣ ደህና ነኝ» አለችው። ስለ እኔ ጠየቀች ወይ አልኩት። «ልብስ መለኪያ ሜትሯ ሱቁ ውስጥ ስለቀረ ሌላ እንድገዛላት ጠየቀችኝ» አለኝ።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ ምንም የምጽፈው የለኝም።

ምስማር ሻጩ ሽንኩርቱ በስብሶበት ሌላ ጆንያ አምጥቷል።

ግንቦት 12፣ ረቡዕ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እሽጌ የቁጥር ሰባትን እሽግ ፈታ። እኔ አልሄድኩም፤ ዘበኛው ነው ያወራልኝ። መኪናዋን፣ ጠረጴዛዋን፣ ከፀጉር ቤቱ ዘመን የተረፈውን ትልቁን መስታወት በጋሪ አስጫነች። ወለሉን ጠርጋ ነው የወጣችው አለኝ። «የሰው ቤት እኮ ነው የሆነው፣ ምን አስጠረጋት?» ይላል።

ቁልፉ የሚመለሰው በእኔ መስኮት ነው። ስምንት ሰዓት ግድም በላስቲኩ አሻግሬ ሳይ ግቢው ውስጥ ለሰልፉ ነጭ ኖራ በተቀባው ክብ ላይ ቆማለች። ከፊቷ አሥራ አራት ሰው አለ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዘበኛውን ጠርቼ «በጓሮ በር ትግባ በላት» አልኩት። ሄዶ ተመለሰ።

«ተራዬን እጠብቃለሁ ብላለች።»

«እኔ ነኝ ያልኩት በላት።»

«እሱንም ነግሬያታለሁ።»

ከክብ ወደ ክብ ስትሻገር አያታለሁ። እኔም እሠራለሁ፤ አድሳለሁ፣ ማህተም እመታለሁ፣ ቀጣይ እላለሁ። አንዱ ሽማግሌ መነጽሬን ቤት ረሳሁ ብሎ ፎርሙን ሙሉ አነበብኩለት። አላሳጠርኩም። ተራዋ እንዳይደርስ ይሆን ያስረዘምኩት? እንጃ።

ደረሰች። ቁልፉን ከነቁጥሩ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረችው።

«የቁጥር ሰባት ቁልፍ።»

«ታናሼ፣ ስሚኝማ...»

«መረከቢያ ጻፊልኝ።»

«ተቀብያለሁ እኮ። እኔ እመዘግበዋለሁ፣ አንቺ ፀሐይ ላይ...»

ከኋላዋ ያለው ሰው «እትዬ፣ ፍጠኑልን» አለ። ወረቀት አወጣሁ። ቁልፉን ከእገሊት ተረክቤያለሁ ብዬ ጻፍኩ፤ የእህቴን ስም ስጽፍ ፊደሉ ጠፋኝ፣ ሁለቴ ሰረዝኩ። «በሌላ ወረቀት» አለች። በሌላ ወረቀት ጻፍኩት።

«ቀኑን።»

ቀኑን ጻፍኩ።

«ማህተም።»

መታሁ።

«ስምሽን ጻፊና ፈርሚበት።»

ፈረምኩ። በላስቲኩ ሥር ባለው ክፍተት አሳለፍኩላት። ወረቀት እኔ ስሰጣት አንብባ የማታውቅ ልጅ፣ ጣቷን ከቃል ቃል እያስኬደች ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ማህተሙ እንዲደርቅ ትንሽ አውለበለበችው። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ኮፒውን መዝገቡ ውስጥ አስገቢው» አለችኝ። «ቆሜ አያለሁ።»

ተነስቼ መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረድኩ፤ የቁጥር ሰባትን ገጽ ገለጥኩ፣ ኮፒውን በስፒል አያያዝኩት፣ ወደ ላስቲኩ አስጠግቼ አሳየኋት። መዝገቡን ዘግቼ ወደ ቦታው እስክመልሰው ድረስ ዓይኗን ከእጄ አልነቀለችም። ከዚያ ለኋለኛው ሰው ቦታ ለቀቀች።